ስሙ የሚነክስ ውሻ

በእኛ አገር ለውሻ ስም የሚወጣለት ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ተብሎ ነው። ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የማይችለውን ነገር የውሻው ስም ያደርገዋል፤ ከዚያ ማታ ማታ ደጁ ላይ ቆሞ ይጣራል። መስማት ያለበት ይሰማል። ተናደድሁ ቢል ደግሞ «ምነው፣ ውሻዬን ነው የጠራሁት» ይባላል። «ምን አገባህ» የሚባል ውሻ አውቃለሁ። «ሰው አማኝ» የሚባልም አውቃለሁ። ሸዋ ቤንች ከተማ አንዲት ሴት ከአማቷ ጋር ተጣልታ ውሻዋን «ጠገብሽ ወይ» ብላው ነበር ይባላል፤ ወንድ ውሻ ነው እኮ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ስም ማለት ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኛ ውሻ ስሙ «አይቀርም» ነበር፤ እኔም ከልቤ እጠራው ነበር።

ወደ ቤት የመጣነው አብረን ነው፣ እኔና እሱ። አባቴ ናስረዲን ነጋዴ ነበር፤ ከቤት ከሄደ ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ቤታችን ሰው ሞልቶታል፤ ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዷ ከጓዳ ሳታየኝ «ናስረዲን እኮ አለፈ» ስትል ሰማኋት። ቀሚሷን ይዤ «የት አለፈ?» አልኋት። ደነገጠች። «ወደ... ወደ ቱም አለፈ» አለችኝ። ቱም ገበያ እንዳለው አውቅ ነበር። ነጋዴ ገበያ ቢያልፍ ምን ይደንቃል? በዚያው ቀን ቴፒ ወደምትኖረው አክስቴ ላኩኝ። እዚያ «አባዬ ይመጣል?» እያልሁ መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። እሷም ፊቷን ወደ ድስቷ አዙራ «ይመጣል የኔ ልጅ፤ አይቀርም» ትለኛለች።

ወደ ቤታችን ወደ ሚዛን የመለሰኝ አባቦራ ነው፤ የእናቴ ወንድም፣ አይሱዙ ይነዳ የነበረ። መንገድ ላይ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱ ቡና ማድረቂያ አለ፤ የቀርከሃ አልጋዎቹን ዝናብ አንጋድዷቸዋል። አንዱ ምሰሶ ላይ ውሻ በሽቦ ታስሯል። ወቅቱ ሲያልቅ ጠባቂዎቹ ሄዱ፤ ውሻውን የፈታ የለም። ሽቦው አንገቱ ውስጥ ገብቶ ከርቀት ይሸታል።

አባቦራ ጉጠት ይዞ ወረደ። ሽቦውን ሲቆርጥለት ውሻው እጁን ዘነጠለው። አጎቴ ሳቀ፤ እየደማ ሳቀ። «አየሽ ላምያ፣ የዳነ ፍጡር መጀመሪያ የሚነክሰው ያዳነውን ነው» አለኝ። ከዚያ ጆንያ ወርውሮ ጠቀለለውና ከኋላ ከሸራው ሥር አስገባው። ሚዛን እስክንደርስ ማጉረምረሙ በጀርባዬ በኩል ይሰማኝ ነበር።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። በር ማለቴ የቤቱን ነው፤ የግቢውን አይደለም። አምባሯ የለም፣ ጉትቻዋ የለም፤ ከስታለች። አቀፈችኝ እንጂ ወደ አጥሩ በር አልመጣችም። ከዚያም በኋላ ከግቢ አትወጣም፤ ገበያ የሚሄድልን አባቦራ ነው። ነገሩን በልጅ ጭንቅላቴ ፈታሁት፦ አባዬ ድንገት ሲመጣ ቤት እንዳያጣት ነው። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ኢዳ ይባላል። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳታጌጥ፣ ያለ ችግር ከቤቷ ሳትርቅ ትቀመጣለች። እናቴ ኡሙሀኒ የምትጠብቀው የሚመጣ ሰው አልነበረም።

አባቦራ ውሻውን ከግቢያችን የሙዝ ተክል ሥር አስሮ፣ እጁን በሻርፑ ጠቅልሎ፣ «እንግዲህ ስም አውጪለት» አላት።

እናቴ ወደ አጥሩ አየች። ከቀርከሃው ወዲያ የጎረቤታችን የጋሼ ሳዲቅ ሬዲዮ ያወራል።

«አይቀርም» አለች፤ አጠገቧ ለቆመ ሰው ከሚበቃው በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሬዲዮው ተዘጋ።

«ኡሙሀኒ» አለ አባቦራ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ምን አልኩ? የውሻ ስም ነው።»

እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። የአክስቴ ቃል ነው። አባዬ ይመጣል፤ አይቀርም። እናቴ ለውሻው ተስፋችንን ስም አድርጋ የሰጠችው መሰለኝ።

ሳዲቅ የአባቴ ጓደኛ ነበር። ሁለቱ ከጅማ በኩል አብረው መጥተው፣ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው፣ ቡና አብረው ይነግዱ ነበር። አጥሩ መሀል ሁለቱ ቤቶች ሳህን የሚቀባበሉበት ቀዳዳ ነበር፤ በዚያ በኩል ሸንኮራ ይሰጠኝ ነበር። ውሻው ከመጣ ወዲህ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈነው። ውሻ ፈርቶ ነው ብዬ አዘንሁለት። ትልልቆቹ የሚያውቁት ሌላ ነበር። የሁለቱ ቡና ያለ ፈቃድ ሲጓዝ መንገድ ላይ ተይዟል። ሳዲቅ እጁን ቁርአን ላይ አድርጎ «የናስረዲን ብቻ ነው፤ እኔ አላውቅም» ብሎ ምሏል። አባቴ ታሰረ፤ እዚያው ወባ ጣለው። የሐሰት መሐላ ደግሞ በእኛ ዘንድ ቢዘገይም ባለቤቱን ፈልጎ ያገኛል ይባላል። አይቀርም።

የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል እናቴ ትጠራኛለች።

«ላምያ፣ ውሻውን ጥሪው።»

«እማ፣ ይኸው እዚህ ነው ያለው።»

«ወደ አጥሩ ዙሪና ጥሪው። ጮክ ብለሽ።»

ኢዳ ላይ ያለች ሴት በየደጁ ድምፅዋን አታሰማም፤ ስለዚህ የእኔን ወሰደች። ከኋላዬ ትቆማለች፣ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። «አይቀርም፣ አይቀርም፣ ና አይቀርም» እያልሁ ስጣራ ጣቶቿ ይጠብቃሉ። ውሻው የአንገቱ ፀጉር ይቆማል፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ዙሪያውን ያያል። ከአጥሩ ወዲያ ሬዲዮው ዝም ይላል። ጋሼ ሳዲቅም ከእኔ ጋር አባዬን የሚጠብቅ መስሎኝ ይበልጥ እጮሃለሁ። ድምፄ በርትቶ ቱም የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ውሻው መናከስ ጀመረ። መጀመሪያ ወተት የምታመጣልንን ሚርያምን። ሚርያም እሁድ እሁድ በመዘምራን የምትዘምር፣ ሌላውንም ቀን መዝሙር ከአፏ የማይለይ ሴት ነች። እኔ ስጣራ በአጥሩ በር ገባች፤ ውሻው ሰንሰለቱን በጥሶ ባቷን ያዛት። ቀጥሎ የአባቦራን ጫኝ። በመጨረሻ ስለነዚህ ሁለቱ ሊያነጋግረን የመጣውን የቀበሌ ሰው፣ እሱንም ዞሮ ሊሸሽ ሲል መቀመጫው ላይ።

ሰውየው ቆሞ ነው የተናገረው፤ መቀመጥ አይችልም። «እስከ ገበያ ቀን እንታገሳለን። ከዚያ በኋላ ሥጋ ይጣልለታል።»

ያን ማታ ከደስታዬ ብዛት ራቅ ብዬ ለውሻው ነገርሁት። ሥጋ ሊያመጡልህ ነው፤ ታገስ። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ለምን እንዳዞረች አልገባኝም። በዚያ ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚጨመር ያወቅሁት ዓመታት አልፈው፣ በመንገድ ዳር ውሾች ተዘርግተው ሳይ ነው።

መካሪ አላጣንም። አንዱ ጥርሱን በጉጠት አውልቁት አለ። አንዱ ትኩስ የተቀቀለ እንቁላል አፉ ውስጥ ጨምራችሁ ያዙት፣ ከዚያ ወዲያ ጥጃ ነው አለ። አባቦራ «ከሽቦ ያወጣሁትን መልሼ አላሰቃይም» ብሎ ሐኪም ፍለጋ ዞረ። የሄደበት ሁሉ «እኛ ላም ነው የምናክመው፤ ውሻ ይናከሳል ተብሎ ይታከማል እንዴ?» ብለው ሳቁበት። በስንት ጥየቃ ሸዋ ቤንች አንድ የእንስሳት ሐኪም አገኘ፤ ጴጥሮስ ይባላል። ውሻ አጥንቷል አሉት፤ ሥራ ግን የሚሰጠው ላም ነው።

ጴጥሮስ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ መጣ። አፉን የፈታው በቤንችኛ ስለሆነ በእሱ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ የቀበሌው ሰውም፣ አጎቴም፣ ውሻውም እኩል «አንተ» ነበሩ።

«ዶክተር፣ መርፌ አልያዝህም?» አልሁት።

«መርፌ አለ። ለአጎትሽ ነው።»

አባቦራ ሳቀ። ጴጥሮስ አልሳቀም። «አንተ ትስቃለህ። ይሄ ውሻ ያበደ ቢሆንስ? እኔ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ቀብሬአለሁ። አሁን ጤና ጣቢያ ሂድ። የወተቷንም ሴትዮ ይዘህ ሂድ፤ ሌሎቹንም። እኔ ውሻውን እያየሁ እጠብቃለሁ።»

አየው። ማየቱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ሳጥን ገልብጦ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሰንሰለቱ ከማይደርስበት ቁጭ ይልና ከኪሱ የተጠበሰ ጉበት እያወጣ ሳይዞር ወደ ኋላ ይጥላል። በየቀኑ ይመጣል፤ ዝናብ ነው፣ ይቀመጣል፤ አይናገርም። እያደር ውሻው አንገቱን እንዲያጥብለት ፈቀደ። እንዳላበደ ሲያረጋግጥ ክትባቱን ወጋው። ከዚያ ደግሞ ሰዉን መጠየቅ ጀመረ።

ሚርያምን «ሲነክስሽ ምን ተባለ?» አላት።

«እኔማ ኢየሱስ ነው ያልኩት።»

«ከመንከሱ በፊት።»

«ከመንከሱ በፊትማ ይቺ ልጅ ትጣራ ነበር።»

ጫኙም እንደዚያው አለ። የቀበሌው ሰው ሲነከስ ደግሞ እናቴ ናት ደንግጣ ስሙን የጠራችው። ጴጥሮስ ጃንጥላውን ከፊቱ እንደ ጋሻ ዘረጋና «ጥሪው» አለኝ። ውሻው ተኝቶ ነበር። «አይቀርም» ስል ከተኛበት ተፈናጥሮ ጃንጥላውን ሸረከተው።

«አሁን በሌላ ስም ጥሪው። የፈለግሽውን።»

«ሙዝ» አልሁ፤ ከፊቴ ያለው እሱ ነበርና። ውሻው ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ ተኛ።

ጴጥሮስ የተሸረከተ ጃንጥላውን እያጠፈ ወደ እናቴ ሄደ። «ውሻው ደህና ነው። የሚነክሰው ስሙ ነው።»

«ዶክተር፣ ውሻውን አክመው። ስሙን ተወው።»

«የአንገቱን ቁስል አዳንኩ። ይሄኛው ቁስል አንቺ እጅ ነው ያለው። ስትጣሩ እጅሽን አየሁ። ውሻ እኮ ቃል አያውቅም። እጅሽን ነው የሚሰማ።»

እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ሌላው ሁሉ ተወስዷል» አለች ቀስ ብላ። «ይቺን አንዷን አልሰጥም።»

«እንግዲያ ሥጋው ይምጣ» አለና ቦርሳውን አነሳ።

«እህቴ» አለ አባቦራ፣ «ምን ቸገረሽ፣ ስሙን ለውጪለት። እንስሳ ነው፣ በምን ዕዳው።»

ሥጋው መምጣቱን ወድጄው ነበር። ስሙን መለወጥ የሚለው ሲገባኝ ግን እየጮህሁ ከመሀላቸው ገባሁ። «ስሙ ከተለወጠ አባዬ በምን ይመጣል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቴ።

«በየማታው እየጠራሁት አይደል? አክስቴ ይመጣል፣ አይቀርም ብላኛለች። ዝም ካልን ረስተውኛል ይላል።»

አባቦራ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ጴጥሮስ ጃንጥላውን ከፈተው፣ መልሶ አጠፈው። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤቷን ስትወጋበት የሰነበተችው ድምፅ ምን እያለ ይጣራ እንደነበር የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ማንንም ሳታይ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አይጠራም» አለች። «ለሳዲቅ ብዬ አይደለም።»

ለሳዲቅ ነው ያላት ሰው አልነበረም።

ጴጥሮስ ቀበሌ ሄዶ ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ ለመነልን። ሰጡት፤ ግን ሲያበቃ የቀበሌው ሰው መጥቶ ያያል፣ የቅርብ ጎረቤትም ቀርቦ ውሻው አይነክስም ብሎ ይመሰክራል አሉ። የቅርብ ጎረቤታችን አንድ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። የውሻዋ ነፍስ ባሏን ባስበላ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሕክምናው የሚታይ ነገር አልነበረውም። ሰው ሲገባ ማንም አይጮህም፤ ጣሳ በማንኪያ መታ መታ ይደረግና ጉበት ይጣላል። ሚርያም እያነከሰች፣ መዝሙሯን ዝቅ አድርጋ፣ ከሩቅ ትወረውርለታለች። «አሁን እንግዲህ የነከሰኝን ላብላ» እያለች ታብላዋለች። አሮጌውን ስም እንዲጠራ የተፈቀደለት ጴጥሮስ ብቻ ነው። ከሙዙ ሥር ቁጭ ብሎ እንደሚያነብ ሰው ለስለስ አድርጎ «አይቀርም» ይላል፤ ጉበት ይሰጠዋል። «አይቀርም»፤ ጉበት። እኔ በቅናት አያለሁ። ስሙን ከልቤ የጠራሁት እኔ፣ የሚያንሾካሹከው ሌላ ሰው።

ከአጥሩ ወዲያ የሆነውን ግን ሐኪሙም አላሰበውም። በመጀመሪያዎቹ ማታዎች የሳዲቅ ሬዲዮ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ አወራ። ከዚያ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ከዚያ መግሪብ ሊደርስ ሲል ጨርሶ ይዘጋ ጀመር፤ ሲጠብቅ፣ ሲያዳምጥ። የሚጠራ የለም። አንድ ቀን ቆርቆሮውን ፈንቀል አድርጎ ጠራኝ።

«ላምያ፣ ምነው ውሻውን አትጠሪውም?»

«ተከልክያለሁ ጋሼ ሳዲቅ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ዶክተሩ። ስሙ ሰው ይነክሳል አለ።»

 ጢሙ ተንጨባርሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጉንፋን መሰለኝ።

«እና አሁን ማን ተባለ?»

«ስም የለውም። እማ እያሰበችበት ነው።»

ይህን ከራሴ ነው የጨመርሁት። ቆርቆሮው ከእጁ አመለጠና ጮኸ።

በማግስቱ ሚርያም ወተቱን እያፈሰሰች «ኡሙሀኒ፣ ጉድ ስሚ። ሳዲቅ አስቁሞኝ የውሻውን አዲስ ስም ጠይቂልኝ አለኝ። ክርስትና ሊያነሳው ነው እንዴ?» አለች።

እናቴ ሳቀች። ከቴፒ ከተመለስሁ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፤ ልትድን ነው አልሁ። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስታውሰው ደስ አይለኝም። «ገና አልወሰንኩም በይው» አለች። ከዚያ ወዲያ በየማታው መቁጠሪያዋን፣ ሙሰብሐዋን ይዛ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ዝምታዋን እንደ ወጥ በዝግታ ታማስለዋለች። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሳዲቅ ምን እንደሚባል ያውቅ ነበር። አሁን አያውቅም። ሐኪሙ ለውሻው ያዘዘው ዝምታ ለጎረቤታችን መርዝ ሆነ። እናቴም ጠብታ ሳታፈስ ሰጠችው።

ዝናቡ ሲያባራ ከአሱር ሶላት በኋላ ተሰበሰቡ። የቀበሌው ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ አሁን መቀመጥ ቢችልም አላመነም። ጴጥሮስ፣ አባቦራ፣ ሚርያም። እናቴ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ነች፤ ኢዳዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ውሻው ተፈቷል። ሳዲቅ በመጨረሻ ገባ፤ ልብሱ ሰፍቶታል።

«ጠጋ በልና እይ፣ ከዚያ መስክር» አለው የቀበሌው ሰው።

ውሻው ቀረበው። አሸተተው። ጎረቤታችን የሚበላውን እንደሚጠብቅ ሰው ቀኝ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ውሻው እጁን ላሰው፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ መሀል ለመሀል፣ ተረጋግቶ ላሰው። ከዚያ እግሩ ሥር ተኛ።

«እ?» አለ የቀበሌው ሰው።

ሳዲቅ «ይነክሳል» ቢል ያበቃ ነበር። ያ ስም ከነውሻው ይቀበር ነበር። እጁን አየ።

«አይነክስም» አለ። «እመሰክራለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ድምፅ መጣ። «እውነት መመስከር ትችል ኖሯል።»

ሳዲቅ እጁን ዝቅ አደረገ።

«ላምያ፣ ለጋሼ ሳዲቅ ውሃ አምጪለት። ውሻ የላሰው እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱን በአፈር። ሕጉን ታውቀዋለህ አይደል ሳዲቅ?»

ጆጉን ይዤ መጣሁ። እንግዳ እጁን የሚታጠበው ሊበላ ነው፤ ግብዣ መስሎኝ ቸኮልሁ። አፈር አነሳ፣ አሸ፤ አፈሰስሁለት። ደግሞ፣ ደግሞ።  እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ያ እጅ ቁርአን ላይ የነበረው ነው» አለች። «እሱስ ጸዳ። አፍህን በምን እንደምታጥበው ግን እኔ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ሳዲቅ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር አለ።

«አልሰማሁም።»

«ቡናው የሁለታችንም ነበር።»

«ልጄ ጮክ ብላ ነበር የምትጠራው። ጮክ በል።»

«ቡናው የሁለታችንም ነበር» አለ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆመ። «በሐሰት ነው የማልኩት። ናስረዲን በእኔ ነው የታሰረው። በእኔ ነው የሞተው።»

ሞተ።

ይህ ቃል ወደየትም አያልፍም። ወደ መጋረጃው ዞርሁ፤ መጋረጃው አልተነቃነቀም። አባቦራን አየሁት፤ ዓይኑን ሸሸ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሚርያም እያወቀች ወተት ስትቀዳልኝ፣ አክስቴ እያወቀች ድስቷን ስታማስል። ጆጉ ከእጄ ወደቀ። ያን ጊዜ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለማን እንደወጣ፣ በየማታው ማንን ስጠራ እንደነበር አንድ ላይ ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናቴ ጠራሁት። ጣቶቼ ተጨብጠው፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ወደ ሳዲቅ እያየሁ፣ «አይቀርም» አልሁ።

የቀበሌው ሰው አጥሩ ላይ ወጣ። ሳዲቅ አልሸሸም።

ውሻው ተነሳ። ጆሮውን አቀና። እየሮጠ መጣ፣ ወደ እኔ፤ ጅራቱን እየወዘወዘ የተጨበጠ እጄን በአፍንጫው ገፋ፤ ጉበት ያለበት መስሎት። ደግሜ ጠራሁት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

መጋረጃው ተገለጠና እናቴ ወጥታ አነሳችኝ። ለሳዲቅ አንድ ቃል አልጨመረችለትም። አልሂድ እንዳለ፣ አልቆይ እንዳለ፣ ጨለማው እስኪይዝ ግቢያችን መሀል ቆሞ ቀረ።

ይቅር አለችው ወይ የሚሉኝ አሉ። ኢዳዋ ሲያልቅ ሽማግሌ ላከ፤ «ሰምቻለሁ በሉት» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። እሱም ቤቱን ለቆ ቴፒ ገባ። እናቴ ቃሏን ሳትለውጥ አላህ ወሰዳት። እኔ በየሶላቴ ይቅር ብየዋለሁ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን እውነት ነው።

ያኔ ያኮረፍሁት ግን ውሻውን ነው። በጋው አልፎ ክረምት እስኪገባ ከእጄ ጉበት አልሰጠሁትም። ሁሉም ተባብሮ ያዳነው ውሻ፣ እንዲነክስልኝ ከሁሉ ቀን አብልጬ በፈለግሁት ቀን ድኖ ተገኘብኝ።